የላሜራ እጥፋት ውስጣዊ ራዲየስ አመራረጥ፦ ለወላይታ ሶዶ የብረታ ብረት ሥራ ቤቶች የቀረበ አጭር ጥናት

አህጽሮተ ጽሑፍ

ላሜራ ሲታጠፍ በእጥፋቱ የውስጥ ገጽ የሚፈጠረው ክብነት፣ ማለትም ውስጣዊ ራዲየሱ፣ የሥራውን ጥንካሬ፣ የልኬት ትክክለኛነትና የአገልግሎት ዘመን ይወስናል። ይሁን እንጂ በአነስተኛ ሥራ ቤቶች ይህ ልክ በባለሙያው ምርጫ ሳይሆን በእጅ ባለው መሣሪያ አጋጣሚ የሚወሰንበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህ ጽሑፍ ራዲየሱ ከላሜራው ውፍረት፣ ከብረቱ የመለጠጥ አቅም፣ ከመዳመጫ አቅጣጫውና ከማጠፊያው መሣሪያ ጋር ያለውን ዝምድና ያብራራል፤ በወላይታ ሶዶና በአካባቢዋ በተለመዱ ሦስት ሥራዎች ማለትም በላሜራ በር፣ በአሸንዳና በወፍራም ብረት ማቀፊያ ላይ ስሌቱን ያሳያል። በመጨረሻም ውድ መሣሪያ ሳያስፈልግ በሥራ ቤት ውስጥ ሊፈጸም የሚችል የሙከራ ዘዴ ያቀርባል።

ቁልፍ ቃላት፦ ላሜራ፣ እጥፋት፣ ውስጣዊ ራዲየስ፣ የመዳመጫ አቅጣጫ፣ ወላይታ ሶዶ

1. መግቢያ

በዳሞታ ተራራ ግርጌ የምትገኘው ወላይታ ሶዶ የወላይታ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን፣ በ2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫም ናት። ከተማ በሰፋ ቁጥር የበር፣ የመስኮት፣ የአሸንዳ፣ የውኃ ገንዳና የእህል ማከማቻ ፍላጎት ይጨምራል። ይህን ፍላጎት የሚያሟሉት በአብዛኛው በማኅበር የተደራጁ ወጣቶችና በግል የሚሠሩ በያጆች ናቸው። የሥራቸው መሠረታዊ ዕቃ ከቱቦላሬና ከአንጎላሬ ጋር ላሜራ ነው።

1 ሜትር በ2 ሜትር የሆነና 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ላሜራ 23.5 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። የላሜራ ጥሬ ብረት በውጭ ምንዛሪ ከባሕር ማዶ የሚገባ በመሆኑ፣ በእጥፋቱ ላይ ተሰንጥቆ የሚጣል እያንዳንዱ ቁራጭ ለአንድ አነስተኛ ሥራ ቤት ከአንድ ቀን ትርፍ በላይ ሊሆን ይችላል። ከዚህም የከፋው በሥራ ቤቱ ያልታየ፣ በቀለም የተሸፈነና ከጥቂት ክረምቶች በኋላ በዝገት የሚገለጥ ስንጥቅ ነው፤ ያን ጊዜ የሚጠፋው ብረቱ ብቻ ሳይሆን የባለሙያው ስም ጭምር ነውና።

በወላይታ የብረት ቀጥቃጭነት ሙያ ከላሜራ መምጣት በፊት የነበረ ነው። ቀጥቃጩ ማረሻውን ወይም መቆፈሪያውን በከሰል እሳት አግሎ ያጥፋል፤ በጋለ ብረት ውስጥ የሚፈጠረው ጥንካሬ በሙቀቱ ኃይል ወዲያው ስለሚለዝብ ስል ማዕዘን ማውጣት ይቻለዋል። ላሜራ ግን የሚታጠፈው በቀዝቃዛነቱ ነው። በቀዝቃዛ ብረት ላይ የተፈጸመ እያንዳንዱ እጥፋት ከብረቱ የመለጠጥ አቅም ላይ የማይመለስ ወጪ ያስከትላል። ስለዚህ «ስል ማዕዘን የጥሩ እጅ ምልክት ነው» የሚለው አስተሳሰብ ከጋለ ብረት ወደ ላሜራ እንዳለ ሊሸጋገር አይገባውም።

2. በእጥፋት ጊዜ በብረቱ ውስጥ የሚሆነው

ላሜራ ሲታጠፍ የውጭው ገጽ ይለጠጣል፤ የውስጡ ገጽ ይጨመቃል። በሁለቱ መካከል የማይለጠጥና የማይጨመቅ መስመር አለ፤ ይህም ገለልተኛ መስመር ይባላል። እጥፋቱ ስል በሆነ መጠን ይህ መስመር ከመካከል ወደ ውስጠኛው ገጽ ይጠጋል።

ውስጣዊው ራዲየስ «ራ»፣ የላሜራው ውፍረት «ው» ቢባሉ፣ የውጭው ገጽ የመለጠጥ መጠን «ለ» በሚከተለው ቀላል ቀመር ይገመታል፦

ለ = 1 ÷ (2 × ራ/ው + 1)

ከቀመሩ የሚገኘው ዋና ትምህርት ወሳኙ ነገር ራዲየሱ ብቻውን ሳይሆን ከውፍረቱ ጋር ያለው ንጽጽር መሆኑ ነው። ራዲየሱ ከውፍረቱ ጋር እኩል ሲሆን የውጭው ገጽ በ33 በመቶ ይለጠጣል። አንድ ተኩል እጥፍ ሲሆን 25፣ ሁለት እጥፍ ሲሆን 20፣ ሦስት እጥፍ ሲሆን 14 በመቶ ይሆናል። የውፍረቱ ግማሽ ሲሆን ግን ወደ 50 በመቶ ይወጣል። ስለዚህ 2 ሚሊ ሜትር ራዲየስ ለ1 ሚሊ ሜትር ላሜራ ለዘብ ያለ እጥፋት ሲሆን፣ ለ4 ሚሊ ሜትር ብረት ግን እጅግ ስል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። በቀዝቃዛ የተዳመጠውና ለእጥፋት ሥራ የተለመደው «ዲሲ 01» የተባለው የብረት ደረጃ፣ በ80 ሚሊ ሜትር የመለኪያ ርዝመት ላይ እንዲያሟላ የሚጠበቅበት ዝቅተኛ የመለጠጥ አቅም 28 በመቶ ነው። ታዲያ 33 በመቶ ሲለጠጥ ለምን አይሰነጠቅም? መልሱ ከመለኪያው ጠባይ የሚመነጭ ነው። 28 በመቶ የተባለው የ80 ሚሊ ሜትሩ አማካይ ሲሆን፣ ብረቱ በሚበጠስበት ጠባብ ስፍራ ያለው መለጠጥ ከዚህ እጅግ ይበልጣል። በተጨማሪም በእጥፋት ላይ የውጭውን ገጽ ከሥሩ ያሉት ያነሰ የተለጠጡ ንብርብሮች ይደግፉታል። በዚህ ምክንያት ለእጥፋት ይበልጥ የሚስማማው መለኪያ ብረቱ በሚበጠስበት ቦታ የመስቀለኛ ስፋቱ በመቶኛ የሚቀንስበት መጠን ነው። ይህ መጠን «ቅ» ቢባል፣ ዝቅተኛው ራዲየስ በግምት

ራ/ው = 50/ቅ − 1

ይሆናል። ቅ 50 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ለስላሳ ብረት በመርሕ ደረጃ እስከ ሙሉ ድፍን እጥፋት ሊደርስ ይችላል፤ ቅ 25 የሆነ ብረት ግን ከውፍረቱ ያላነሰ ራዲየስ ይፈልጋል፤ ቅ 20 ሲሆን አንድ ተኩል እጥፍ ያስፈልገዋል።

በተግባር የሚሰጡት መነሻዎችም ይህንኑ ይከተላሉ። ለስላሳ ዝቅተኛ ካርቦን ብረት እስከ ግማሽ ውፍረት በሚደርስ ራዲየስ ሊታጠፍ ይችላል፤ ጠንካራው ዓይነት ግን እስከ አራት እጥፍ ሊፈልግ ይችላል። ለስላሳ የማይዝግ ብረት እንዲሁ ከግማሽ ውፍረት ይጀምራል፤ በቀዝቃዛ የጠነከረው እስከ ስድስት እጥፍ ይደርሳል። አሉሚኒየምም እንደ ቅይጡና እንደ ጥንካሬው ከዜሮ እስከ ስድስት እጥፍ ይለያያል። ስለዚህ የብረቱን ዓይነት ሳያውቁ አንድ ቋሚ ቁጥር መጥቀስ አሳሳች ነው።

3. የመዳመጫ አቅጣጫ

ላሜራ በፋብሪካ በሚዳመጥበት ጊዜ በውስጡ ያሉት ቅንጣቶችና ጥቃቅን ባዕድ ነገሮች በመዳመጫው አቅጣጫ ይረዝማሉ። የእጥፋቱ መስመር ከዚህ አቅጣጫ ጋር ትይዩ ከሆነ፣ የሚለጠጠው የውጭ ገጽ በእነዚህ ረዣዥም ደካማ መስመሮች ላይ በቀላሉ ይከፈታል። የእጥፋቱ መስመር አቅጣጫውን የሚያቋርጥ ከሆነ ግን ብረቱ የተሻለ ይታገሣል። «ኤስ 235» የተባለው የግንባታ ብረት ውፍረቱ ከ3 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ሲሆን በመዳመጫው አቅጣጫ 26 በመቶ፣ አቅጣጫውን በሚያቋርጠው ደግሞ 24 በመቶ ዝቅተኛ የመለጠጥ አቅም እንዲኖረው መደንገጉ የዚህ ልዩነት ምስክር ነው።

ይህ ነጥብ ለበር ሠሪው በቀጥታ ይመለከተዋል። 1 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ ላሜራ እንደ ልማዱ 1 ሜትር ስፋት ካለው ጥቅል የተቆረጠ በመሆኑ፣ የመዳመጫ አቅጣጫው በ2 ሜትሩ ርዝመት ላይ ነው። የበር ግራና ቀኝ ጠርዞች የሚታጠፉትም በዚሁ ርዝመት ነው፤ ማለትም ረጅሙ እጥፋት ዘወትር በመጥፎው አቅጣጫ ላይ ይወድቃል። ከ1 ሜትር የሚረዝመውን የበር ጠርዝ ከላሜራው ስፋት ማውጣት ስለማይቻል፣ አቅጣጫውን መለወጥ ያልቻለ ባለሙያ ራዲየሱን ማሳደግ ይገባዋል። አጫጭር ቁራጮችን ግን አዙሮ ማውጣት ይቻላል፤ በሁለቱም አቅጣጫ የሚታጠፍ ቁራጭ ከሆነ ደግሞ ከመዳመጫው አቅጣጫ በ45 ዲግሪ አጋድሞ መቁረጥ አስታራቂ መፍትሔ ነው።

የተቆረጠው ጠርዝም ትኩረት ይሻል። መቁረጫው በአንዱ ገጽ ላይ ሹል ትርፍ ይተዋል። ይህ ትርፍ በሚለጠጠው የውጭ ገጽ ላይ ከዋለ ስንጥቅ ከእርሱ ይጀምራል። ስለዚህ በሞረድ ወይም በግራይንደር መለስለስ፣ ካልሆነም ወደ ውስጠኛው ገጽ ማዞር ያስፈልጋል።

4. ራዲየሱን የሚሰጠው ማን ነው?

በማጠፊያ ፕሬስ ላሜራው በሹል ላዕላይ መሣሪያ (ፓንች) ተገፍቶ በቪ ቅርጽ ቦይ (ዳይ) ውስጥ ሲታጠፍ፣ ላሜራው የቦዩን ግድግዳ ሙሉ በሙሉ ካልነካ ውስጣዊውን ራዲየስ በዋናነት የሚወስነው የፓንቹ ጫፍ ሳይሆን የቦዩ አፍ ስፋት ነው። ለለስላሳ ብረት ራዲየሱ የቦዩ አፍ 16 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ ለማይዝግ ብረት ከ20 በመቶ በላይ፣ ለአሉሚኒየም በአብዛኛው ከ16 በመቶ በታች ነው። ለ1.5 ሚሊ ሜትር ላሜራ ሦስት ቦዮች ሲነጻጸሩ የሚከተለው ይገኛል፦

8 ሚሊ ሜትር ቦይ፦ ራዲየስ 1.3 ሚሊ ሜትር፣ የውጭ ገጽ መለጠጥ 37 በመቶ፣ ኃይል በአንድ ሜትር 183 ኪሎ ኒውተን።
12 ሚሊ ሜትር ቦይ፦ ራዲየስ 1.9 ሚሊ ሜትር፣ መለጠጥ 28 በመቶ፣ ኃይል 122 ኪሎ ኒውተን።
16 ሚሊ ሜትር ቦይ፦ ራዲየስ 2.6 ሚሊ ሜትር፣ መለጠጥ 23 በመቶ፣ ኃይል 91 ኪሎ ኒውተን።

የኃይሉ ግምት የመበጠሻ ጥንካሬው 450 ሜጋ ፓስካል ለሆነ ብረት የተሰላ ነው። «የቦዩ አፍ የውፍረቱ ስምንት እጥፍ ይሁን» የሚለው የቆየ የሙያ ደንብ 12 ሚሊ ሜትሩን ይመርጣል። በዚህ ስፋት ራዲየሱ ከውፍረቱ ጥቂት ይበልጣል፤ ማሽኑም ያለ ልክ አይጨነቅም።

ራዲየሱን ለማጥበብ ሲባል እጅግ ሹል ፓንች መጠቀም የሚፈለገውን ውጤት አይሰጥም። በለስላሳ ብረት የፓንቹ ጫፍ ራዲየስ ከውፍረቱ 63 በመቶ ገደማ በታች ሲሆን፣ ማለትም ለ1.5 ሚሊ ሜትር ላሜራ ከ0.95 ሚሊ ሜትር በታች ሲሆን፣ ፓንቹ ላሜራውን ማጠፉን ትቶ እንደ ቢላ ይሰነጥረዋል። በውስጠኛው ገጽ የሚቀረው ጎድጓዳ መስመር ማዕዘኑን ያሳሳዋል እንጂ አያሳምረውም።

ፕሬስ በሌለበት ሥራ ቤት ላሜራው በሞርሳ ወይም በሁለት አንጎላሬዎች መካከል ተይዞ በመዶሻ ይታጠፋል። በዚህ ጊዜ ራዲየሱን የሚሰጠው ላሜራው የሚዞርበት የአንጎላሬው ጠርዝ ነው። የአንጎላሬ ውጫዊ ማዕዘን ስል በመሆኑ እጥፋቱም ስል ይሆናል፤ የመዶሻው ምትም ብረቱን በተጨማሪ ያሳሳዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የአንጎላሬውን ጠርዝ በግራይንደር አክብቦ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ራዲየስ መስጠት፣ ወይም በጠርዙ ላይ ለስላሳ ክብ ዘንግ በይዶ እንደ ማጠፊያ ከንፈር መጠቀም። 6 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው ዘንግ 3 ሚሊ ሜትር ራዲየስ ይሰጣል። ፌሮ ግን ጎርበጥባጣ በመሆኑ በላሜራው ላይ ምልክት ይተዋል፤ አይመከርም።

ማዕዘኑን ለማሾል የእጥፋቱን መስመር በግራይንደር እስከ ግማሽ ውፍረት መሰንጠቅም የሚታይ ልማድ ነው። 1.5 ሚሊ ሜትሩ ወደ 0.75 ሲወርድ፣ መታጠፍን የመቋቋም አቅሙ ከውፍረቱ ካሬ ጋር ስለሚሄድ ወደ አንድ አራተኛ ይቀንሳል። ክፍተቱ በብየዳ ካልተሞላ ያ ማዕዘን የሥራው ሁሉ ደካማ ስፍራ ይሆናል።

5. ሦስት ሥራዎች

5.1 የላሜራ በር

በላሜራ በር ላይ ራዲየሱ ከስንጥቅ ይልቅ በልኬት ላይ ያለው ተፅዕኖ ቶሎ ይታያል። ውጫዊ ልኩ 40 በ60 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ በ90 ዲግሪ የታጠፈ፣ 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 2 ሚሊ ሜትር ራዲየስ ያለው ጠርዝ ይወሰድ። ገለልተኛው መስመር ከውስጠኛው ገጽ በውፍረቱ 0.42 ርቀት ላይ ነው ቢባል፣ የእጥፋቱ ቅስት ርዝመት

1.571 × (2 + 0.42 × 1.5) = 4.13 ሚሊ ሜትር

ይሆናል። ከሁለቱ ልኮች ድምር ላይ የሚቀነሰው 2 × (2 + 1.5) − 4.13 = 2.87 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ላሜራው በ97.1 ሚሊ ሜትር ይቆረጣል። ባለሙያው እጥፋቱን ስል፣ ራዲየሱንም 0.5 ሚሊ ሜትር አድርጎ ቢያስብና ለማነጻጸር ያህል ያንኑ 0.42 ቢጠቀም፣ የሚቀንሰው 2.23 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። ልዩነቱ በአንድ እጥፋት 0.64 ሚሊ ሜትር ነው። አራት እጥፋት ባለው የበር ክፈፍ ላይ ሲደመር ግን 2.6 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ በሩ ከመቃኑ ጋር የሚጋጨውና በቦታው ላይ በግራይንደር የሚከረከመው ከዚህ የተነሣ ነው።

በሌላ በኩል ራዲየሱን ከልክ በላይ ማስፋትም ጉዳት አለው። ራዲየሱ ከውፍረቱ አንጻር ባደገ ቁጥር ላሜራው ከታጠፈ በኋላ ወደ ነበረበት የመመለስ ጠባዩ ይጨምራል፤ ማዕዘኑም 90 ዲግሪ መሆኑ ቀርቶ ይከፈታል። ሰፊ ቦይ ደግሞ ሰፊ ከንፈር ይጠይቃል፤ የሚታጠፈው ከንፈር ቢያንስ የቦዩን አፍ 70 በመቶ ካልሆነ ወደ ቦዩ ይንሸራተታል። በ16 ሚሊ ሜትር ቦይ ከ11 ሚሊ ሜትር ያነሰ ከንፈር ማጠፍ የማይቻለው ለዚህ ነው። እንግዲህ ትክክለኛው ራዲየስ የሚገኘው በስንጥቅና በመመለስ መካከል ነው፤ ለበር ላሜራ ከውፍረቱ እስከ አንድ ተኩል እጥፉ ያለው ልክ ጥሩ መነሻ ነው።

5.2 አሸንዳና የእህል ማከማቻ

አሸንዳና የብረት ጎተራ የሚሠሩት ብዙውን ጊዜ 0.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ካለው፣ ዚንክ ከተቀባ ስስ ላሜራ ነው። ጠርዞቹ እርስ በርሳቸው ተቆላልፈው ድፍን ስለሚታጠፉ ራዲየሱ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ለስላሳው ብረት ይህን ሊችል ይችላል፤ ጥያቄው የዚንኩ ሽፋን ነው። በሁለቱም ገጽ ድምር በካሬ ሜትር 275 ግራም ዚንክ ያለው ላሜራ በእያንዳንዱ ገጽ 20 ማይክሮን ገደማ ሽፋን አለው። ሽፋኑ በስል እጥፋት ላይ በጥቃቅኑ ሊሰነጠቅ ይችላል። ዚንክ ከብረቱ ቀድሞ እየተበላ አጠገቡ ያለውን የተጋለጠ ብረት ስለሚጠብቅ ጠባብ ስንጥቅ ብዙ አያሰጋም። ሽፋኑ ተላጦ ሰፊ ቦታ ከተጋለጠ ግን ጥበቃው ያልቃል፤ ረጅም የዝናብ ወቅት ባለው በወላይታ ደጋና ወይና ደጋ አሸንዳው ከማዕዘኑ መፍሰስ ይጀምራል።

ስለዚህ ድፍን መሆን ያለበት የመቆለፊያው ጠርዝ ብቻ ነው። ውኃው የሚፈስበት የአሸንዳው ወለል ማዕዘን ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ራዲየስ፣ ማለትም ከውፍረቱ ሁለትና ሦስት እጥፍ ቢሰጠው መለጠጡ ወደ 20 እና 14 በመቶ ይወርዳል። መዶሻውም ከብረት ይልቅ የእንጨት ወይም የጎማ ቢሆን ሽፋኑ ይተርፋል።

5.3 ወፍራም ማቀፊያና ብየዳ

የወፍጮ እግር፣ የከባድ በር ማጠፊያና የተጎታች ጋሪ ማቀፊያ ከ4 ሚሊ ሜትር ጀምሮ ባለ ወፍራም ብረት ይሠራሉ፤ በማዕዘናቸውም አጠገብ ይበየዳሉ። በዚህ ሥራ ስህተት የሚያስከትለው የልኬት ጉድለት ሳይሆን የሰው ጉዳት ነው። በቀዝቃዛ የታጠፈ ብረት የመለጠጥ አቅሙን ከፍሏል፤ የብየዳ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ የመሰባበር ጠባይ ሊያድርበት ይችላል።

የአውሮፓ የብረት መዋቅር ደንብ (ኢኤን 1993-1-8) በእጥፋቱ ላይና ከእጥፋቱ ግራና ቀኝ በውፍረቱ አምስት እጥፍ ርቀት ውስጥ ለመበየድ ገደብ ያስቀምጣል። ጭነቱ በአብዛኛው የማይለዋወጥ ከሆነ፣ ራዲየሱ ከውፍረቱ ጋር እኩል ሲሆን እስከ 4 ሚሊ ሜትር፣ አንድ ተኩል እጥፍ ሲሆን እስከ 8፣ ሁለት እጥፍ ሲሆን እስከ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት ሊበየድ ይችላል። ኢትዮጵያም በ2015 (እ.ኤ.አ.) ያወጣቻቸው የግንባታ ደንቦች በእነዚሁ የአውሮፓ ደንቦች ላይ የተመሠረቱ ናቸው። በዚህ መሠረት 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ማቀፊያ በማዕዘኑ አጠገብ የሚበየድ ከሆነ ቢያንስ 9 ሚሊ ሜትር ራዲየስ ያስፈልገዋል፤ ካልሆነ ብየዳው ከእጥፋቱ ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ መራቅ አለበት።

6. በሥራ ቤት የሚፈጸም ሙከራ

በገበያ የሚገዛ ላሜራ ደረጃው ሳይጻፍበት ሊሸጥ፣ ውፍረቱም ከተባለው ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ አስተማማኙ መንገድ ከተገዛው ላሜራ ራሱ መጠየቅ ነው።

ሀ. የላሜራው ውፍረት በማይክሮሜትር ወይም በካሊፐር በሦስት ቦታ ይለካል።
ለ. 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ቁራጮች፣ ግማሾቹ በላሜራው ርዝመት፣ ግማሾቹ በስፋቱ አቅጣጫ ይቆረጣሉ፤ ጠርዛቸውም ይለሰልሳል።
ሐ. ቁራጮቹ የውፍረቱ ሦስት እጥፍ፣ ሁለት እጥፍ፣ እኩልና ግማሽ ራዲየስ ባላቸው ክብ ዘንጎች ላይ በ90 ዲግሪ ይታጠፋሉ።
መ. የውጭው ገጽ በአጉሊ መነጽር ይመረመራል። በሁለቱም አቅጣጫ ያልተሰነጠቀው ትንሹ ራዲየስ ይለያል፤ ለሥራ የሚመረጠው ግን ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ትልቁ ነው።
ሠ. የተገኘው ራዲየስ በመሰርሰሪያ ምላስ እጀታ ይረጋገጣል፤ 4 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው እጀታ በእጥፋቱ ውስጥ በትክክል ከተቀመጠ ራዲየሱ 2 ሚሊ ሜትር ነው።

ተሳስቶ የታጠፈን ላሜራ መልሶ ዘርግቶ በዚያው መስመር ማጠፍ የሙከራውን ውጤት ዋጋ ያሳጣዋል፤ በሥራም ላይ ቢሆን ሊወገድ የሚገባው ልማድ ነው። የመጀመሪያው እጥፋት የወሰደው የመለጠጥ አቅም በመዘርጋት አይመለስምና።

7. መደምደሚያና ምክረ ሐሳብ

የውስጣዊ ራዲየስ ምርጫ ሦስት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል የመመለስ ሥራ ነው፦ ብረቱ ምን ያህል ይችላል? መሣሪያው ምን ያህል ይሰጣል? ሥራውስ ምን ያህል ይፈልጋል? ለለስላሳ ላሜራ «ራዲየሱ ከውፍረቱ አይነስ» የሚለው ቀላል ደንብ ብዙውን ሥራ ይሸፍናል። እጥፋቱ ከመዳመጫው አቅጣጫ ጋር ትይዩ ሲሆን፣ ዚንክ የተቀባ ሲሆን ወይም በአጠገቡ ብየዳ ሲኖር ልኩ ወደ አንድ ተኩልና ወደ ሁለት እጥፍ ከፍ ይላል።

በዞኑ ያሉ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ተቋማት ከላይ የተገለጸውን ሙከራ በመደበኛ የተግባር ትምህርታቸው ቢያካትቱት ወጪው ጥቂት የላሜራ ቁራጭና አራት ክብ ዘንጎች ብቻ ነው። በማኅበር የተደራጁ ወጣቶችም በማጠፊያቸው ከንፈር ላይ ራዲየሱን በኖራ ወይም በቀለም ጽፈው ቢያኖሩ፣ ቆራጩ ከማጠፉ በፊት ምን ያህል መቀነስ እንዳለበት ያውቃል። የአንጎላሬን ጠርዝ በግራይንደር ለማክበብ የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ከዚያ በኋላ በዚያ ጠርዝ ላይ የሚታጠፍ ላሜራ ሁሉ የሚድነው ግን በእነዚያ ደቂቃዎች ነው።